ህዋስን በሦስት ቀለም ማየት፦ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሥራ ከጠረጴዛው እስከ ምስሉ

በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ምስል ይደርሰኛል። ወይ ድፍን ጥቁር ነው፣ ወይ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ጥያቄው ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ማይክሮስኮፑ ምን ሆኖ ነው?» አብዛኛውን ጊዜ ማይክሮስኮፑ ምንም አልሆነም። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት፣ ፒፔት ይዛችሁ ጠረጴዛው ላይ ሳላችሁ ነው። ስለዚህ መልሱን አንዴ ከሥር ከመሠረቱ ልጻፈው።

የምንሠራው ይህን ነው። መስታወት ላይ ያደገ ህዋስ ወስደን ሦስት ነገር እናሳያለን፦ ኒውክለሱን በሰማያዊ፣ የአክቲን ክሮችን በቀይ፣ ማይክሮቲዩቡልን በአረንጓዴ። ሁለቱም የህዋሱን ቅርጽ የሚደግፉ የፕሮቲን ክሮች ናቸው። ማይክሮቲዩቡልን የመረጥኩት ለጀማሪ ስለሚመች ነው። በህዋስ ውስጥ በብዛት አለ፤ ቅርጹም አያደናግርም። ከኒውክለሱ አካባቢ ተነስተው ወደ ዳር የሚዘረጉ ቀጫጭን ክሮች ካላያችሁ፣ ሥራው እንዳልተሳካ ወዲያው ታውቃላችሁ። በማታውቁት ፕሮቲን ከጀመራችሁ ግን ያያችሁት ነገር ትክክል ይሁን ስህተት መለየት ይቸግራችኋል።

መርሁ አጭር ነው። ቀለሙ አንድ ብርሃን ይውጣል፤ ከዚያ የሞገድ ርዝመቱ ረዘም ያለ ሌላ ብርሃን ይለቃል። አሌክሳ ፍሎር 488 የሚባለው ቀለም 495 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ይውጥና 519 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ ይለቃል። ዳፒ የሚባለው የኒውክለስ ቀለም ከዲኤንኤ ጋር ሲጣበቅ 358 አካባቢ ውጦ 461 አካባቢ ይለቃል። አሌክሳ ፍሎር 594 ደግሞ 590 ውጦ 617 ይለቃል። ማይክሮስኮፑ ውስጥ ያሉት ፊልተሮች ሥራቸው የገባውን ብርሃን ከወጣው መለየት ነው። ሦስቱን ቀለሞች አብረን መጠቀም የቻልነውም የሚለቁት ብርሃን ስለሚራራቅ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

- ክብ ከቨር ስሊፕ (ህዋሱ የሚያድግበት ስስ መስታወት)፣ 12 ሚሊሜትር ስፋት፣ ውፍረቱ ቁጥር 1.5 (0.17 ሚሊሜትር)
- ባለ 24 ዌል ፕሌት (24 ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት ሳህን)
- ፒቢኤስ (ፎስፌት ያለበት የጨው ውሃ)፣ ፒኤች 7.4
- 16 በመቶ ፎርማልዴሃይድ፣ ሜታኖል ያልተጨመረበት፣ በአምፑል የታሸገ
- 100 ሚሊሞላር ግላይሲን በፒቢኤስ (0.75 ግራም በ100 ሚሊሊትር)
- 0.1 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 በፒቢኤስ
- ማገጃ፦ 5 በመቶ የፍየል ሴረም እና 1 በመቶ ቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ ፕሮቲን) በፒቢኤስ
- አንደኛ አንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን)፦ ማይክሮቲዩቡል የሚሠራበትን አልፋ ቲዩቡሊንን የሚይዝ፣ በአይጥ የተሠራ
- ሁለተኛ አንቲቦዲ፦ የአይጥ አንቲቦዲን የሚይዝ፣ በፍየል የተሠራ፣ አሌክሳ ፍሎር 488 የተያያዘበት
- አሌክሳ ፍሎር 594 የተያያዘበት ፋሎይዲን (አክቲንን የሚይዘው)
- ዳፒ፣ በ1 ማይክሮግራም በሚሊሊትር የተበረዘ
- ቀለም እንዳይደበዝዝ የሚከላከል ማውንቲንግ ሚዲየም (ከቨር ስሊፑ ስላይድ ላይ የሚተከልበት ፈሳሽ)
- ስላይድ፣ ፓራፊልም፣ ጫፉ ሹል የሆነ ወረንጦ፣ ማጣሪያ ወረቀት፣ ፎይል፣ ሰፊ ፔትሪ ዲሽ

ስለ ከቨር ስሊፑ ውፍረት አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ኦብጀክቲቭ ሌንስ ላይ 0.17 የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ሌንሱ የተሠራው በዚያ ውፍረት መስታወት በኩል እንዲያይ ነው። ቁጥር 1 የሚባለው ከዚያ ይቀጥናል። በ10 እጥፍ ሌንስ ልዩነቱ አይታወቃችሁም፤ ከፍ ባለው ሌንስ ግን ምስሉ ይደበዝዛል። ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ቁጥር 1.5 መሆኑን አይታችሁ ግዙ።

ጥንቃቄ

ፎርማልዴሃይድ ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል ነው። ጭስ በሚስበው ሳጥን ውስጥ ብቻ ክፈቱት። ጓንትና መነጽር አድርጉ። የተጠቀማችሁበትን በተለየ ዕቃ አጠራቅሙ እንጂ ገንዳ ውስጥ አትድፉት።

ፋሎይዲን ከመርዛማ እንጉዳይ የሚገኝ መርዝ ነው። የምንጠቀመው በጣም ትንሽ ቢሆንም በባዶ እጅ አትንኩት። ዳፒም ከዲኤንኤ ጋር ስለሚጣበቅ እንደዚያው ነው።

ማይክሮስኮፑ ላይ ደግሞ ዋናው አደጋ አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ከሌንሱ የሚወጣውን ብርሃን በቀጥታ አትዩ። መብራቱ የሜርኩሪ ከሆነ ካጠፋችሁት በኋላ ሳይቀዘቅዝ መልሳችሁ አታብሩት፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ትኩስ የሜርኩሪ አምፑል ሲፈነዳ የሜርኩሪ ጋዝ ክፍሉን ይሞላዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሰባት ከቨር ስሊፕ ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የሚላክልኝን ምስል መመርመር የሚያቅተኝም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ናሙና ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ቢያንስ ሰባት አዘጋጁ።

- ሁለቱ ሙሉውን ቀለም ያገኛሉ።
- አንዱ ከአንደኛው አንቲቦዲ በቀር ሁሉንም ያገኛል። እዚህ ላይ የሚታይ አረንጓዴ ሁሉ የሁለተኛው አንቲቦዲ የሐሰት ምልክት ነው።
- አንዱ ምንም ቀለም አያገኝም። ህዋሱ በራሱ ምን ያህል እንደሚያበራ የምታውቁት በእሱ ነው።
- ሦስቱ አንድ አንድ ቀለም ብቻ ያገኛሉ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። የአንዱ ቀለም ብርሃን ወደ ሌላው ፊልተር መፍሰሱን የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው።

በዌሉ ክዳን ላይ ቁጥር ጻፉ። ምን እንደሚገባበት ደግሞ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ከትውስታ እንለያለን ብላችሁ አትመኑ።

ክፍል አንድ፦ ጠረጴዛው ላይ

1. ህዋሱን ከአንድ ቀን በፊት ዝሩ። ከቨር ስሊፑን በ70 በመቶ አልኮል አጽዱ፣ አድርቁ፣ ዌሉ ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያ ህዋሱን ጨምሩ፤ መጠኑ በማግስቱ የመስታወቱን ግማሽ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ የሚሸፍን ይሁን። ከተጨናነቀ አንዱ ባንዱ ላይ ይወጣል፤ ከታችና ከላይ የሚመጣው ብርሃን ምስሉን ያጨፈግገዋል። የማይጣበቅ ዓይነት ህዋስ ከሆነ መስታወቱን አስቀድማችሁ በፖሊላይሲን ቀቡት።

2. 4 በመቶ ፎርማልዴሃይድ አዘጋጁና አሙቁ። 2.5 ሚሊሊትር ከአምፑሉ፣ 7.5 ሚሊሊትር ፒቢኤስ። ከዚያ 37 ዲግሪ ላይ አሙቁት። ይህን ሙቀት አትዝለሉ። ማይክሮቲዩቡል በቅዝቃዜ ይፈርሳል። ከፍሪጅ የወጣ ፎርማልዴሃይድ ስታፈሱበት ልታዩት የፈለጋችሁት ነገር ሳይጸና ይበታተናል። መፍትሔው በዕለቱ የተበረዘ ይሁን።

3. ህዋሱን አጽኑ። በላብ ቋንቋ ፊክስ ማድረግ የምንለው ነው። ህዋሱ ያደገበትን ሚዲየም ምጠጡ፣ ወዲያው 500 ማይክሮሊትር ፎርማልዴሃይድ በዌሉ ግድግዳ በኩል ቀስ ብላችሁ አፍሱ። ለ15 ደቂቃ ተዉት። ፎርማልዴሃይድ ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ያስራል፤ ህዋሱ በነበረበት ቅርጽ ይቆማል። ከዚህ በጣም ካቆያችሁት ግን አንቲቦዲው የሚይዝበት ቦታ ይሸፈናል። ከዚያ በፒቢኤስ ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ እጠቡ።

   ከዚህ ጀምሮ ህዋሱ ለአፍታም መድረቅ የለበትም። የደረቀ ህዋስ አንቲቦዲውን ያለምርጫ ይይዛል፤ በኋላ ጠርዙ ላይ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ታዩታላችሁ። ስለዚህ ሁሉንም ዌል በአንድ ጊዜ አትምጠጡ። ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ምጠጡና ሙሉ።

   በፎርማልዴሃይድ ፈንታ ቀዝቃዛ ሜታኖል መጠቀም ይቻላል ወይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ለማይክሮቲዩቡል ብቻ ከሆነ አዎ፣ እንዲያውም ጥሩ ነው። ግን ሜታኖል አክቲንን ፋሎይዲን እንዳይይዘው ያደርገዋል። በዚህ ሥራ ላይ ቀዩ ቀለም ስለሚጠፋባችሁ ሜታኖልን ተዉት።

4. በግላይሲን ለ10 ደቂቃ አቆዩ። ሥራቸውን ያልጨረሱ የአልዴሃይድ ጫፎች ህዋሱ ላይ ይቀራሉ። ካልተዘጉ አንቲቦዲውን ራሱን ይይዙታል። ግላይሲን ቀድሞ ይዘጋቸዋል።

5. በትራይተን ለ10 ደቂቃ ብሱ። አንቲቦዲ ትልቅ ፕሮቲን ስለሆነ የህዋሱን ሽፋን አልፎ አይገባም። ትራይተን ከሽፋኑ ላይ ስብ አሟሙቶ በር ይከፍትለታል። ትራይተን እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ነው፤ በቀጥታ በፒፔት ብትቀዱት ግማሹ ጫፉ ላይ ይቀራል። አስቀድማችሁ 10 በመቶ አዘጋጁና ከእሱ በርዙ። የምትፈልጉት ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ ያለ ከሆነ ትራይተን አብሮ ሊያወጣው ይችላል። ያኔ 0.1 በመቶ ሳፖኒን ተጠቀሙ። ሳፖኒን የከፈተው ቀዳዳ ሲታጠብ መልሶ ስለሚዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ፈሳሽ ሁሉ ውስጥ መኖር አለበት።

6. በማገጃው ለ45 ደቂቃ አቆዩ። ህዋሱ ላይ ፕሮቲን በዘፈቀደ የሚጣበቅባቸው ቦታዎች አሉ። አንቲቦዲው ከመድረሱ በፊት በማይጎዳ ፕሮቲን እንሞላቸዋለን። ሴረሙ የፍየል የሆነው ሁለተኛው አንቲቦዲ በፍየል ስለተሠራ ነው። የእናንተ ሁለተኛ አንቲቦዲ የአህያ ከሆነ ሴረሙም የአህያ ይሁን።

7. አንደኛውን አንቲቦዲ ጨምሩ። መብረዣው ራሱ ማገጃው ነው። አምራቹ 1 ለ200 ካለ፣ 1 ማይክሮሊትር አንቲቦዲ በ199 ማይክሮሊትር ማገጃ። አንደኛ አንቲቦዲ የሚደርሳቸው ሦስት ከቨር ስሊፖች (ሁለቱ ሙሉዎቹና አረንጓዴው) በ50 ማይክሮሊትር 150 ይወስዳሉ፤ የተረፈው ለሚባክነው ይሆናል።

   ዌሉ ውስጥ ብታፈሱት 300 ማይክሮሊትር ገደማ ይፈጃል። አንቲቦዲ ውድ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ፔትሪ ዲሽ ውስጥ እርጥብ ማጣሪያ ወረቀት አንጥፉ፣ በላዩ ፓራፊልም ዘርጉ። ፓራፊልሙ ላይ 50 ማይክሮሊትር ጠብታ አስቀምጡ፤ ሳይፈስ ክብ ሆኖ ይቆማል። ከቨር ስሊፑን በወረንጦ አንሱ፣ ዳሩን ማጣሪያ ወረቀት አስነክታችሁ የያዘውን ውሃ አስወግዱ፣ ህዋሱ ወደ ታች ሆኖ ጠብታው ላይ አስተኙት። ጠብታው በራሱ ተዘርግቶ ከጫፍ ጫፍ ይደርሳል። ዲሹን ክደኑት። በክፍል ሙቀት አንድ ሰዓት፣ ወይም 4 ዲግሪ ላይ እስኪነጋ። አንደኛ አንቲቦዲ የማይደርሳቸውን ናሙናዎች በማገጃ ጠብታ ላይ አቆዩ።

   ህዋሱ በየትኛው ፊት እንዳለ ከጠፋባችሁ አትገምቱ። ከቨር ስሊፑን ወደ መብራት አዙራችሁ የወረንጦውን ጫፍ ዳሩ ላይ በቀስታ ጫሩበት። ቀጭን መስመር ከታየ ህዋሱ ያለው በዚያ ፊት ነው። ምንም ካልታየ በሌላው ነው። አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ የአንድ ቀን ሥራ ያድናል።

8. እጠቡ። ከቨር ስሊፑን ህዋሱ ወደ ላይ አድርጋችሁ ወደ ዌሉ መልሱ። በፒቢኤስ ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ። እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። ያልታጠበው አንደኛ አንቲቦዲ ሁለተኛውን ይይዝና መሬቱ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል።

9. ሁለተኛውን አንቲቦዲና ፋሎይዲኑን አንድ ላይ ጨምሩ። መጀመሪያ የሁለተኛውን አንቲቦዲ ብልቃጥ በሴንትሪፉጅ በ10,000 ጂ ለ5 ደቂቃ አዙሩ፣ ከላይ ብቻ ቅዱ። ሲቀመጥ የሚጓጉለው አንቲቦዲ ካልወረደ ምስሉ ላይ ከዋክብት የመሰሉ ነጠብጣቦች ይረጫል። 1 ለ500 ከሆነ 1 ማይክሮሊትር በ500 ማይክሮሊትር አዘጋጁ። ቢተርፍም ይትረፍ፤ 0.4 ማይክሮሊትር በፒፔት ትክክል መለካት አይቻልም። ፋሎይዲኑን አምራቹ ባለው መጠን ጨምሩ። ባለ አንድ ቀለሞቹን አትርሱ፦ አረንጓዴው ያለ ፋሎይዲን፣ ቀዩ ያለ አንቲቦዲ ነው።

   አንድ ሰዓት፣ ጨለማ ውስጥ። ዲሹን በፎይል ጠቅልሉት። ቀለሙ በክፍሉ መብራት ሳይቀር ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም ሥራ በፎይል ሥር ነው። ሲያልቅ እንደገና ሦስት ጊዜ እጠቡ።

10. በዳፒ ለ5 ደቂቃ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ በፒቢኤስ። ዳፒ ዲኤንኤ ካልነካ እምብዛም አያበራም፤ ስለዚህ ብዙ መታጠብ አይፈልግም።

11. ስላይድ ላይ ትከሉ። ከቨር ስሊፑን ንጹሕ ውሃ ውስጥ አንዴ ነከር አድርጋችሁ አውጡ። የፒቢኤስ ጨው ሲደርቅ ክሪስታል ይሆናል፤ ያም ያበራል። ዳሩን በማጣሪያ ወረቀት አድርቁ። ስላይድ ላይ 7 ማይክሮሊትር ማውንቲንግ ሚዲየም አኑሩ። ከቨር ስሊፑን ህዋሱ ወደ ታች አድርጋችሁ፣ መጀመሪያ አንድ ዳሩን አስነክታችሁ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አስተኙት። ቀጥ አድርጋችሁ ከጣላችሁት አየር ይታፈናል። የሚጠነክር ዓይነት ሚዲየም ከሆነ አግድም አስተኝታችሁ ጨለማ ውስጥ 24 ሰዓት ተዉት። የማይጠነክር ከሆነ ዳሩን ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም አሽጉ። ባለ ቀለሙ ራሱ ያበራል።

ክፍል ሁለት፦ ማይክሮስኮፑ ላይ

12. መብራቱን አብሩና ታገሡ። የሜርኩሪ መብራት ከሆነ ብርሃኑ እስኪረጋ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ኤልኢዲ ወዲያው ዝግጁ ነው። የክፍሉን መብራት አጥፉ።

13. በዝቅተኛ ሌንስና በደካማ ብርሃን ፈልጉ። 10 ወይም 20 እጥፍ፣ የዳፒ ፊልተር፣ መብራቱ ዝቅ ብሎ። ኒውክለስ ትልቅና ደማቅ ስለሆነ ፎከስ ለማግኘት ይቀላል። ካገኛችሁ በኋላ ብርሃኑን ዝጉ። እያወራችሁ ክፍት አትተዉት፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ አረንጓዴውም ቀዩም እየሞተ ነው።

14. ወደ ዘይት ሌንስ እለፉ። ከቨር ስሊፑ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃል። ዘይቱ በመስታወቱና በሌንሱ መካከል ያለውን አየር ይተካል፤ ብርሃን በመንገድ አይሰበርም። ምን ያህል ጥቃቅን ነገር እንደምትለዩ የሚወስነው የሌንሱ ኤንኤ (ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙን የሚገልጸው ቁጥር) እንጂ ማጉያው ብቻ አይደለም። ሒሳቡ 0.61 ሲባዛ በሞገድ ርዝመት፣ ሲካፈል ለኤንኤ ነው። ለ520 ናኖሜትር ብርሃንና ለ1.4 ኤንኤ 227 ናኖሜትር ገደማ ይመጣል። ከዚያ የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች አንድ ሆነው ይታያሉ።

    ዘይት ከነካ በኋላ ወደ ደረቅ ሌንስ አትመለሱ። 40 እጥፍ ደረቅ ሌንስ ዘይቱ ውስጥ ይገባና ምስሉ ለሳምንታት ደብዛዛ ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ሰው ምክንያቱን አያውቅም።

15. የብርሃን ጊዜውን በደማቁ ናሙና ወስኑ። ሙሉውን ቀለም ያገኘውን አስቀምጡ፣ ሂስቶግራሙን (ስንት ፒክሰል ምን ያህል ብሩህ እንደሆነ የሚያሳየውን ግራፍ) ክፈቱ። ባለ 12 ቢት ካሜራ ከ0 እስከ 4095 ይቆጥራል። በጣም ደማቁ ቦታ 3000 አካባቢ እንዲሆን የማንሻ ጊዜውን አስተካክሉ። 4095 የነካ ፒክሰል ጠግቧል፤ ከዚያ በላይ ምን ያህል ብርሃን እንደነበረ መቼም አታውቁም። መጠኑን አንዴ ከወሰናችሁ በኋላ ለሰባቱም ናሙና አትቀይሩት። አንደኛ አንቲቦዲ የሌለበትን ናሙና «ጨለመ» ብላችሁ ብርሃን ከጨመራችሁለት የሐሰቱን ምልክት እውነተኛ አስመሰላችሁት።

16. ወዳልነካችሁት ቦታ ሄዳችሁ አንሱ፤ ከቀይ ወደ ሰማያዊ። መጀመሪያ 594፣ ከዚያ 488፣ መጨረሻ ዳፒ። ዳፒን የሚያበራው ብርሃን ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ሌሎቹን ይገድላል። ከዚህም በላይ በአልትራቫዮሌት የተመታ ዳፒ ራሱ ይቀየርና በአረንጓዴው ፊልተር ይታያል።

17. የፒክሰሉን መጠን አስሉ። የካሜራው ፒክሰል 6.5 ማይክሮሜትር ቢሆን፣ በ60 እጥፍ ሌንስ አንዱ ፒክሰል 108 ናኖሜትር ይሸፍናል። ከ227 ግማሽ በታች ስለሆነ በቂ ነው። 10 ማይክሮሜትር የሚል መለኪያ መስመር ስትስሉ ደግሞ 92 ፒክሰል ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

18. ዋናውን ፋይል አስቀምጡ። የማይክሮስኮፑን የራሱን ፋይል ወይም ቲፍ። ጄፔግ አትጠቀሙ፤ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል መረጃ ይጥላል፣ ያ መረጃ አይመለስም። ብርሃን መለካት የምትችሉት ካልተነካው ፋይል ላይ ብቻ ነው። ለዕይታ ብርሃኑን ካስተካከላችሁ በሁሉም ምስሎች ላይ እኩል አድርጉት።

የትኛው ዘዴ ለየትኛው ጥያቄ?

እስካሁን ያልኩት ለተራው የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ነው። ለቀጭን፣ መስታወት ላይ ለተዘረጋ ህዋስ ይበቃል። ኮንፎካል ካላገኘሁ ብላችሁ ሥራ አታቁሙ።

ናሙናው ሲወፍር፣ ለምሳሌ የቲሹ ቁራጭ ሲሆን፣ ከፎከስ ውጪ ያለው ብርሃን ምስሉን ያጥበዋል። ኮንፎካል ያንን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ያግደዋል። የበለጠ ጥልቀት፣ በተለይ በሕይወት ያለ ቲሹ ውስጥ፣ ለማየት ቱ-ፎቶን ይሻላል። ከህዋሱ ሥር፣ ከመስታወቱ ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ማየት ከፈለጋችሁ ተርፍ ነው። ሙሉ ፅንስ ሲያድግ ለሰዓታት መከታተል ከሆነ ላይት ሺት ብርሃኑ ብዙም ስለማይጎዳ ተመራጭ ነው።

ጥያቄያችሁ የት አለ ሳይሆን ይንቀሳቀሳል ወይ ከሆነ ፍራፕ የሚባለውን ሞክሩ፦ አንድ ቦታ ላይ ቀለሙን በጨረር ታጠፋላችሁ፣ ከዚያ ከጎን መጥቶ እስኪሞላ ጊዜውን ትለካላችሁ። ሁለት ፕሮቲኖች ይነካካሉ ወይ ለሚለው ደግሞ ፍሬት አለ። የሚሠራው ቀለሞቹ ከ1 እስከ 10 ናኖሜትር ሲቀራረቡ ነው። ሁለት ቀለም ተደራርቦ ቢጫ መሆኑ ግን መነካካትን አያሳይም። 227 ናኖሜትር ውስጥ ብዙ ፕሮቲን ይገባል።

ህዋሳችሁ ጂኤፍፒ (በራሱ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን) ካለው አረንጓዴው ቦታ ተይዟል። 488ን ትታችሁ ለአንቲቦዲው አሌክሳ ፍሎር 647 ተጠቀሙ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

ሁሉም ጥቁር ነው። መጀመሪያ ቀላሉን፦ የብርሃኑ መዝጊያ ተከፍቷል? ፊልተሩ ትክክል ነው? ዳፒው ከታየና አረንጓዴው ብቻ ከጠፋ ችግሩ አንቲቦዲው ላይ ነው። ሁለተኛው አንቲቦዲ የሚይዘው እንስሳ አንደኛው ከተሠራበት ጋር አንድ መሆኑን ብልቃጡ ላይ አንብቡ። በጥንቸል በተሠራ አንቲቦዲ ላይ የአይጥን የሚይዝ ብታፈሱ ሁሉም ታጥቦ ይሄዳል።

ሁሉም አረንጓዴ ነው። አንደኛ አንቲቦዲ የሌለበትን ናሙና ተመልከቱ። እሱም አረንጓዴ ከሆነ ሁለተኛው አንቲቦዲ በዝቷል ወይም ማገጃው አልበቃም። እሱ ጥቁር ከሆነ አንደኛው በዝቷል። 1 ለ100፣ 200፣ 400፣ 800 አድርጋችሁ በአንድ ቀን አወዳድሩ። ቀለም ያልነካው ናሙናም የሚያበራ ከሆነ ህዋሱ በራሱ እያበራ ነው፤ ወደ ቀዩ ወይም ወደ 647 ተሻገሩ።

ሁለቱ ፕሮቲኖች ፍጹም አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ከመደሰታችሁ በፊት ሁለቱ አንደኛ አንቲቦዲዎች ከየትኛው እንስሳ እንደሆኑ እዩ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ሁለቱንም በጥንቸል የተሠሩ ተጠቅሜ አንድ ሳምንት ሙሉ ውጤት አገኘሁ ብዬ ነበር። ሁለቱም ባለ ቀለም አንቲቦዲዎች ሁለቱንም ይይዙ ነበር። አንዱ የጥንቸል ከሆነ ሌላው የአይጥ ይሁን። ይህ ካልሆነ ደግሞ ባለ አንድ ቀለሙን ናሙና በሌላው ፊልተር እዩት፤ ብርሃኑ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

በ20 እጥፍ ጥሩ ነው፣ በ60 ፎከስ አይገኝም። ስላይዱ ተገልብጧል። ሌንሱ 1 ሚሊሜትር በሚወፍረው ስላይድ በኩል እያየ ነው፤ የዘይት ሌንስ እዚያ ድረስ አይደርስም። ከቨር ስሊፑ ወደ ሌንሱ መዞር አለበት። እሱ ትክክል ከሆነ ሚዲየሙ በዝቶ ህዋሱ ተንሳፍፏል፣ ወይም ከቨር ስሊፑ ላይ የደረቀ ነገር አለ።

ማይክሮቲዩቡሉ ክር ሳይሆን ጭጋግ ሆኗል። ፎርማልዴሃይዱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ወይም ከማጽናታችሁ በፊት በቀዝቃዛ ፒቢኤስ አጥባችኋል። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልሠራ ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ግን ሰባቱንም ምስሎች፣ በአንድ ዓይነት የማንሻ ጊዜ የተነሱ፣ ዋናውን ፋይል ላኩ። የሁለቱን አንቲቦዲ ብልቃጥ ፎቶም አያይዙ። መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው ብልቃጡ ላይ ነው።